የወይዘሮ ትርንጎ ጣራና የአጸፋ ሕግ

ስሟን ብንጠራ የምትቀየመን አንዲት አገር ነበረች። ሕዝቧ ከመጠን በላይ ሕግ አክባሪ በመሆኑ፣ የተጻፈ ግን ያልተፈጸመ ሕግ አለ ሲባል እንቅልፍ ያጣል። ታዲያ አንድ መንገደኛ ስኳር ጠቅልሎ ባመጣበት ወረቀት ላይ «እያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለው» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ሹማምንቱ ይህን ሰምተው ተላቀሱ፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያለ አጸፋ ሲሠራ መኖሩ አሳፈራቸው። ውለው ሳያድሩም የአጸፋ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አፍራሽ መደቡ። ያረሰውን ተከትሎ የሚደለድል፣ የሰፋውን ተከትሎ የሚተረትር ሆነ። ፀጉር ቆራጮች ብቻ፣ ፀጉር አጸፋውን በራሱ ስለሚያበቅል፣ ነፃ ተደረጉ።

ይህ ሁሉ ወይዘሮ ትርንጎን የሣር ክዳናቸው እስኪወድቅ ድረስ እምብዛም አላሳሰባቸውም። ለክረምቱ አንድ ሳምንት ሲቀር በእጃቸው ያለው አሥራ ሁለት ቆርቆሮና ደርበው የሚባል አናጢ ነበር። ደርበው አንዱን ቆርቆሮ መትቶ ሲጨርስ፣ በሌላ መሰላል የወጣው የመንግሥት አፍራሽ ጠና ሚስማሩን በጉጠት እየነቀለ ቆርቆሮውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ጨዋ ሰው ስለሆነ አንድም ሚስማር አላጣመመም። አምስት ቀን በዚህ አለፈ።

«ልጄ፣ ዝናቡ መድረሱ እኮ ነው» አሉት ጠናን ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሆድ ብሷቸው።

«አውቃለሁ እማማ። የእኔም ቤት ክፍት ነው፤ ለእኔም አፍራሽ ተመድቦልኛል።»

«እንግዲያው አንተ ቀድመህ ንቀል፤ የደርበው መምታት ደግሞ አጸፋ ይሁን።»

ጠና ጉጠቱን አስቀምጦ አሰበ። ሴትዮዋ በሕግ ልክ ናቸው። ችግሩ የሚነቀል ጣራ መጥፋቱ ነበር፤ በአገሩ ያለው ቤት ሁሉ ሲጠገን ሲጠገን አልቆ፣ ጣራ የቀረለት የአጸፋ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኃላፊው ቀረበ። ኃላፊው ለሕግ ሲሉ የማይሆኑት ስለሌለ ወዲያው ፈረሙ። ከቢሯቸው አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ተነቀለ፤ በወይዘሮ ትርንጎ ቤት ላይም አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ተመታ። ወይዘሮ ትርንጎ እልል አሉ፤ ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ ዝናቡ ጣለ። ሹማምንቱ ጠረጴዛቸውን አሸክመው መጡና በአገሩ ብቸኛ በሆነው ደረቅ ቤት ውስጥ ተደረደሩ።

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እኛ ስንገባ እርስዎ ይወጣሉ፤ አጸፋ ነው» አሉ ኃላፊው። «ደግሞም ሥራ አግኝተንልዎታል። ይህ ዝናብ ይህን ያህል ዘመን ወደ ታች ብቻ ሲወርድ ማንም አልተመደበለትም።»

ጣሳ ሰጧቸው። ወይዘሮ ትርንጎም ከግቢያቸው መሐል ቆመው፣ የወረደውን ውሃ ከመሬት እየጨለፉ ወደ ሰማይ ይረጩ ጀመር። ዓይናቸው ግን ከቆርቆሯቸው ላይ አልተነሣም። ጠና በሩ ላይ ሆኖ ይቆጣጠራል።

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አላቸው በአክብሮት። «ሕጉ የሚለው እኩል ነው፤ አስበለጡ።»