ጭቃ ሊመሰክርብኝ ሲል

ሽማግሌን የማያምን፣ ጭቃን ግን የሚያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሲኤምሲ ግቢዬ ውስጥ ለአንዲት ተመራማሪ ቤት አከራይቻለሁ። ሳሮን ትባላለች። ከሐይቅ ሥር በረጅም ቱቦ ጭቃ ታወጣለች። በየዘመኑ ጭቃው ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ በማጉሊያ እያየች፣ ያኔ ምን ዛፍ እንደነበረ፣ ዝናቡም እንዴት እንደነበር ትናገራለች። እኔ ፊደል እንኳ በመከራ ነው የለየሁት፤ ጭቃ ይነበባል ስትለኝ ሳቅሁ።

ሳቄ የቆመው ወሎ ሄዳ የሀገሬን ሐይቅ ጭቃ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «በልጅነቴ ሐይቁ ዳር ያለው የጽድ ጫካ ፀሐይ አያሳይም ነበር» ስል ኖሬአለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጽዱ ከአራት አይበልጥም ነበር።

ጫካዬን አምኖ የማያውቀው ጎረቤቴ ኑሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በል ሰውዬ፣ ዛሬ ጭቃው ያጋልጥሃል» አለኝ።

«ልጄ፣ ስለ እኔ ልጅነት ምን ይላል?» አልኳት።

«ይቅርታ አባባ፣ የእርስዎ ዘመን ከላይ ያለው ቀጭኑ ጭቃ ነበር። ቱቦውን ስናወጣ ተደፋብን። የቀረን ከዚያ በፊት ያለው የጥንቱ ብቻ ነው።»

«ያሳዝናል» አልኳት፣ ትንፋሼ ሲመለስልኝ። ኑሩ ወንበሩን መልሶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ጫካው ላይ ነብር ጨምሬበታለሁ።