ለውቅያኖስ የተላከ ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆኖ መላክ የሚወድ ሰው አለ። አንዱ እኔ ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ስል፣ ከሆንኩት በላይ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ለወዳጅ ልጅ ሚስት ልጠይቅ ተልኬ አውቃለሁ፤ ተኳርፋ እናቷ ቤት የገባች ሚስት ላስታርቅም እንዲሁ። ለውቅያኖስ ግን ተልኬ አላውቅም ነበር። እናንተስ?

እዚህ ንፋስ መውጫ አብራን ፊዚክስ የምታስተምር ሰብለ የምትባል ልጅ ነበረች። ውሃ ሲባል የምታውቀው የክረምቱን ጎርፍና ሲመጣ የሚመጣውን ቧንቧ ነው። ይህችው ልጅ ከስንት ማመልከቻ በኋላ ባሕር ማዶ የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል አገኘች፤ የውቅያኖስን ሞገድና ሙቀት፣ ያ ሙቀትም የእኛን የገብስ ዝናብ እንዴት እንደሚያመጣና እንደሚያስቀር ልታጠና። እኛ መምህራኑ ጮቤ ረገጥን። እናቷ እትዬ የሺ ግን «ባሕር ሰው ይበላል፤ አትሄጅም» አሉ። ሰብለ ደግሞ ያለ እናቷ ምርቃት እግሯን አታነሳም። ለዩኒቨርሲቲው መልስ የምትሰጥበት ቀን እየቀረበ ሲሄድ ጨነቃትና እኔንና የነፍስ አባታቸውን ላከችን።

አባ ቀደሙ። «ወለተ ማርያም፣ ዮናስንም እኮ እግዚአብሔር በባሕር ውስጥ ጠብቆታል።»

«ዓሣ አንበሪ ውጦት አይደለም እንዴ አባቴ?»

«እሱስ ውጦታል» አሉ አባ ቀስ ብለው። «ግን ተፋው።»

«የእኔይቱን የሚተፋት ማን ነው?»

አባ ወደ እኔ ዞሩ፤ ተራው የእኔ ሆነ። እኔ ደግሞ አፌን አንዴ ከከፈትኩ መዝጋቱ አይሆንልኝም። «እትዬ፣ የዛሬ ዘመን የባሕር ትምህርት እኮ ባሕር አያስገባም! መርከብ የለ፣ ዋና የለ፤ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ቁጥር መደመር ነው። ውሃ ብታይ ለሻይ የተጣደውን ነው» አልኩ። ጓዳ ሆና የምታዳምጠው ሰብለ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ፤ በርታ ያለችኝ መሰለኝና በረታሁ።

እትዬ የሺ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ትሂድ። መርከብ እንዳትረግጥ ግን አንተ ዋስ ሁነኝ።»

ሆንኩ። ልጅቱ ለካ ያን ሁሉ የለፋችው መርከቡን ብላ ኖሯል! ስንወጣ በር ላይ ደረሰችብኝ። «ጋሼ፣ እኔ ባሕሩን እንዲለምኑልኝ ላክሁዎ፤ እርስዎ ለኮምፒውተር ዳሩኝ!» አለችና ሳቋና እንባዋ ተደባለቀ።

ሄደች። ከወራት በኋላ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ፤ ሰብለ ብርቱካንማ ጃኬት ለብሳ፣ መርከብ ላይ ቆማ፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የሺን ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ፤ አጭሩንም መንገድ የምሄደው በባጃጅ፣ ፊቴን ሸፍኜ ሆነ።

አንድ እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያዙኝ። «አንተ መምህር፣ ምነው ጠፋህ? ያ መርከብ ላይ የለበሰችው ጃኬት ሳስቷል አትላትም?»

ክው አልኩ። «እትዬ፣ አዩት እንዴ?»

«አስቀድማ ለእኔ ልካ የለ!»

«ታዲያ እኔን ዋስ ሁን ያሉኝ ለምን ነበር?»

«እሷን ያን ያህል አገር አቋርጬ እንዴት ልቆጣት? የምቆጣው ሰው ቅርብ ይኑረኝ ብዬ ነዋ» አሉና፣ ለልጃቸው ያጠራቀሙትን ሁሉ እዚያው ሕዝብ ፊት አወረዱብኝ። ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ራሴ ቀርቤ እገሠጻለሁ።