የአስቴር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካርድ

የሱቅ ካርድ መስጠትን እንደ ነውር የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የደብረ ብርሃን ጎረቤቴ አስቴር እንዲያ ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ካርድ በእጄ ካልሠራሁልሽ ብላ ተነሣች። አበቦቹን የምታትምበት ማህተም ተንጋደደባትና እንደገና ጀመረች። ፊደሎቹን አበጥ አበጥ እንዲሉ ስትጫን አንዷ ጠፍጣፋ ቀረችና ቀደደችው። ከዚያ ደግሞ ብርዱ ሙጫውን አላደርቅ አለ። ታዲያ ጥበብ ይቸኮላል?

በመጨረሻ ካርዱን ይዛ ስትመጣ በር የከፈተላት ያው ልጄ ነው። ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አስቴር ግን ዓይኗ ሆዴ ላይ ነበር፤ ሁለተኛውን ልወልድ ተቃርቤያለሁ።

«ውይ፣ ዘገየሁ እንዴ?»

«ኧረ የምን መዘግየት! ለሁለተኛው ቀድመሽ ደርሰሻል» አልኳት።

«እንግዲያማ ጊዜ አለኝ!» ብላ ካርዱን ከልጁ እጅ መልሳ ወሰደችው። ከታተሙት አበቦች አንዷ ጠማማ ናት አለች።