የደረቴ ጨረር

በዚያ የበረዶ ወራት፣ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ትኬት ተቀባዩን በማሽን ተካ። ትኬት ተቀባዩ እኔ ነበርኩ። በረዶው አላባራም፤ ኪራዩም እንደዚሁ።

የወዳጄ የአምሃ ልጅ ሀሴት በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የበር ጥበቃ ሥራ አገኘችልኝ። አባቷም ቢሆን በዲቪ የመጣሁ ጊዜ ስካይላይን ሰፈር ባለው ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ሁለት ዓመት ያስተኛኝ ሰው ነው። “በምን ልክፈልህ?” ባልኩት ቁጥር “ይደርሳል” ይለኛል።

የምጠብቀው በር የተራ ሰው በር አልነበረም። ሊቃውንት የአቶምን እምብርት በማሽን እያስሮጡ የሚያላትሙበት ቤተ ሙከራ ነው። ደረቴ ላይም ጨረር የሚለካ ባጅ ተንጠለጠለ። ኃላፊው “ስትወጣ እዚሁ ስቀለው” አለኝ። ይህ ምክር ለተራ ሠራተኛ መሆኑ ስለገባኝ ቤተ ክርስቲያንም ሰርግም ይዤው ዞርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት ወይዘሮ አፀደ አየችው።

“ጋሽ ንጋቱ፣ ምንድን ነው እሱ?”

“ኒውክሌር” አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። አክብሮት እንዲህ ፈጣን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያሳዘነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባጄ በተነበበ ቁጥር ውጤቱ ዜሮ ነው። “ማሽናችን ዝቅተኛ ኃይል ነው፤ በሩ ድረስ ምንም አይደርስም” አሉኝ። ሳይንስን የሚጠብቅ ሰው ዜሮ መባሉ አግባብ አልመሰለኝም።

በመጨረሻ የሚገባኝ ውጤት መጣ። ከፍተኛ! ማሽኑ ቆመ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዶክተሮች ግድግዳውን በመሣሪያ አሰሱ። እኔም “በሩ ጋ አንዳንዴ ይሞቀኛል” ብዬ መሰከርኩ። ቃሌ በክብር ተመዘገበ።

ሀሴት ኮል አደረገችኝ።

“ጋሼ፣ ማሽኑ ላይ ተራዬ በዚህ ሳምንት ነው። ካለፈኝ ዘንድሮ አልመረቅም።”

“ጨረር ነዋ ልጄ፣ ምን ይደረጋል?”

“ባጁን ከቤተ ሙከራው ውጪ አድርገውት ያውቃሉ?”

“ያላደረግኩበት የት አለ!”

“ሀኪም ቤትስ?”

“ልቤን ሲያዩኝ ኪሴ ላይ ነበር። መርፌ ወጉኝና ማሽን ውስጥ አስተኙኝ።”

“የምን መርፌ?”

እውነቱን ነገርኳት። ነርሷ “ጨረር አለበት፣ ዛሬ ሕፃን እንዳያቅፉ” ብላኝ ነበር።

“ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ!”

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። “ጨረሩ የወጣው ከማሽኑ አይደለም። ከእኔ ነው” አልኩ። ማሽኑ እንደገና ሥራ ጀመረ፤ ሀሴት ተራዋን አገኘች። እኔ ባጅ ወደማያስፈልግበት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በር ተዛወርኩ። መጻሕፍት ጨረር የላቸውም።

የሀሴት ምርቃት ድግስ እዚያው የአምሃ ሳሎን ውስጥ ነበር። ባጅ ስለሌለኝ ማንም አልተነሳልኝም፤ እንዲያውም ወይዘሮ አፀደ በክርኗ እየገፋች ሶፋው ላይ አጠገቤ ተሸጎጠች። አምሃ ሳህኑን ይዞ መቀመጫ ሲፈልግ አየሁና ተነሳሁለት። ተቀመጠ። ሶፋውን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረገው።

“ጎሽ ንጋቱ” አለኝ፣ “ሶፋዬን መለስክልኝ።”