ዲሽ ሠሪውን ልጅ ያስለመነኝ መነጽር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለጎረቤቴ ልጅ ሚስት ልጠይቅ በሽምግልና ሄጄ፣ ዲሽ ሠሪውን «ልጅዎን ለልጃችን» ብዬ ለመንኩት!

ሳቁ፣ ግድ የለም። የሆሳዕና ከተማ ሰው ሁሉ ስቆ ጨርሷል።

ጥፋቱ የመነጽሬ ነው። ማለቴ... የእኔ ነው።

ከወር በፊት እዚሁ ከተማ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ማስክ ያደረገ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ለካኝ። ያለውን ፍሬም ሁሉ አስሞከረኝ። እኔም እንደ ሙሽራ እየተገላበጥኩ ራሴን በመስታወት አየሁ።

ዋጋውን ሲነግረኝ ግን የለካበትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ነገ እመለሳለሁ፣ ዶክተር» አልኩት።

የትኛው ነገ? እሱን አትጠይቁኝ!

ቤት ገብቼ ቴሌግራም ከፈትኩ። ግማሽ ዋጋ! ዴሊቨሪ በነፃ! ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። «በሁለቱ ዓይኖችዎ መሃል ስንት ሚሊሜትር ነው?» አሉኝ። የባለቤቴን የስፌት ሜትር አምጥቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ለካሁ። የጨፈንኩት የት እንዳለ በግምት ሞላሁት።

ትናንት ደረሰ። ሳደርገው መሬቱ ደረጃ ሆነ፤ ባለቤቴም ሁለት ሆነች። ሁለቱም «አውልቀው!» አሉኝ።

እምቢ አልኩ።

የዛሬው ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። የጎረቤቴ ልጅ ታምራት፣ ሆመቾ ከተማ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው፤ ልጅቷን ሁለት ዓመት ጠብቋታል። አባቷ አቶ ላምቦሬ ይባላሉ። አላውቃቸውም... ብዬ ነበር።

የሌለ ደረጃ ተራምጄ ገባሁ። ተቀመጡ ስንባል፣ እንደ ወጉ፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አልኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወደቆመው ሰው ዞሬ እጅ ነሣሁ። ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ ስለ ልጃችን ጨዋነት፣ ስለ ቤቱ ክብር... እንዲህ አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም! ማንም አላስቆመኝም። ሽማግሌ አይቋረጥማ!

ስጨርስ ሰውየው፣ «አባባ፣ እኔ ዲሽ ላስተካክል ነው የመጣሁት። ልጅም የለኝም፤ ገና አላገባሁም» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የልጅቷ እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ ሞሊሶ ጭራሽ፣ «እንግዲያው እሱንም እንዳርልህ!» አይለኝ መሰላችሁ?

በዚህ መሃል አንድ ሰው ከሶፋው ተነስቶ መጣና መነጽሩን ከአፍንጫዬ ላይ አወለቀው። ወደ መስኮቱ ይዞ አየው።

«ዓይኑን እኔ ለካሁ፣ መነጽሩን ሌላ ሰው ሸጠ» አለ።

ድምፁ! ባለ ነጭ ጋውኑ! አቶ ላምቦሬ!

በቃ፣ የታምራት ነገር አለቀለት አልኩ በልቤ።

«ልጄን የምሰጠው ቃሉን ለሚያከብር ነው» አሉ። «እርስዎ ነገ እመለሳለሁ ካሉኝ ወር አለፈ።»

«ልጁ እንኳ እንደሱ አይደለም!» አለ ሞሊሶ ፈጥኖ።

አቶ ላምቦሬ ሳቃቸውን ዋጡ። «ልጁን አውቀዋለሁ። መልሱን ግን ፊቴን በደንብ እያዩ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። ሰኞ ሱቅ ይምጡ።»

ይኸው ታምራት አምስት ጊዜ ደወለ። «ጋሼ፣ ሰኞን አይረሱም አይደል?»

ግማሽ ዋጋ አተርፋለሁ ብዬ የሰው ትዳር አፍንጫዬ ላይ ያንጠለጠልኩ ሽማግሌ፣ እንዴት እረሳለሁ?

ለአቶ ላምቦሬ አንድ «ነገ» አለብኝ።