ሪስተን ሞተር ስትማር

ኒላስ፦ አጠፋሽው!

ሪስተን፦ ኧረ አልነካሁትም።

ኒላስ፦ የጠፋውም ስላልነካሽው ነው። ሞተር ንቀት አይወድም።

[ሚያዝያ፣ ማለዳ፣ በፊንላንድ ድንበር አጠገብ ካለችው ከካውቶኬይኖ መንደር በላይ ያለው ተራራ። ሪስተን በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተር ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የባሏ ወንድም ኒላስ ሞተሩን ራሱ አስነስቶ ወርዶላት ነበር። እንደ አስተማሪ ለመቆም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ነው የጠፋው። ከኋላ በታሰረው ተጎታች ላይ ጥቁሩ ውሻ ቻህፔ ያዛጋል።]

ሪስተን፦ ታዲያ ልንካው?

ኒላስ፦ ሳላዝሽ እንዳትነኪ! ሠላሳ ዓመት ባልሽ ዮውና ሲነዳ ተጎታቹ ላይ ተቀምጠሽ ምን ስታዪ ነበር?

ሪስተን፦ ጀርባውን።

ኒላስ፦ [ለውሻው] ጀርባውን ትላለች! እቴ፣ ስሚኝ። ባልሽ እግሩን ሰብሮ ተኝቷል። ከቀትር በኋላ በረዶው ይላላል፤ መንጋው ከዚያ በፊት ሸለቆውን መሻገር አለበት። እስከ ረፋድ ካልነዳሽ አጋዘኖችሽን ከእኔዎቹ ጋር ደባልቄ እኔው እመራቸዋለሁ። አንቺም እንደ ልማድሽ ተጎታቹ ላይ።

ሪስተን፦ አምና የመራሃቸው ጊዜ አሥራ ሁለቱ ፊንላንድ ገቡ።

ኒላስ፦ ፊንላንድም ግጦሽ አለ።

ሪስተን፦ ዮውና «አንዱም ከእጅሽ እንዳይወጣ» ብሎኛል። አስተምረኝ።

ኒላስ፦ እንግዲያው አንደኛ ሕግ፦ አስተማሪ ሳይጨርስ ተማሪ አይናገርም።

ሪስተን፦ ይሄ የሞተር ሕግ ነው?

ኒላስ፦ የእኔ ነው። ሁለተኛ፣ ስትቆሚ የሞተሩን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አድርጊ። ሽቅብ ያቆመ ሰው በረዶ ሲዝቅ ይውላል። ሦስተኛ፣ ስትዞሪ ሰውነትሽ ወደ ተራራው ይጋደል። አራተኛ፣ ቀይዋ ገመድ! አንዱ ጫፏ ሞተሩ ላይ ይሰካል፣ አንዱ ነጂው ላይ ይያያዛል። ነጂው ከወደቀ ትነቀላለች፤ ሞተሩም ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሪስተን፦ አባቴም ተጎታቹን የሚስበውን አጋዘን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ ነበር የሚነዳው። የወደቀ ቀን ግን አልቆመለትም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጎተተው።

ኒላስ፦ አየሽ! ሞተር የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሪስተን፦ እንጃ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኒላስ፦ አምስተኛ! ተጎታች ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ሁለት ነው፤ ውሻውን መያዝና አፉን መዝጋት። ይሄን እንኳ ታውቂዋለሽ። በይ አስነሺ።

[ቁልፉን ታዞራለች። ዝም።]

ኒላስ፦ እንደዚያ አይደለም። በፍቅር!

[በፍቅር ታዞራለች። ዝም።]

ኒላስ፦ በቁጣ!

ሪስተን፦ ኒላስ፣ ያ ወገብህ ላይ ያለው...

ኒላስ፦ አንደኛ ሕግ! የእኔን ወገብ ተይውና ሞተሩን አስቢ። ውረጂ።

[ክዳኑን ይከፍታል። ካንዴላውን ፈትቶ ይጠርጋል፤ ይተፋበታል፤ መልሶ ያስረዋል። የነዳጁን ጋን ያሸታል።]

ኒላስ፦ አገኘሁት። ቤንዚኑ ነው። ውኃ የሸጠላችሁ ማን ነው?

ሪስተን፦ ካንተ በርሜል ነው የቀዳነው።

ኒላስ፦ እንግዲያው ቤንዚኑ አይደለም።

[ከታች፣ ከሸለቆው፣ የሌሎች እረኞች ሞተሮች ድምፅ ይሰማል። ፀሐይዋ ጋራውን አልፋለች።]

ሪስተን፦ ሰዎቹ መንጋ እየሰበሰቡ ነው። ኒላስ፣ ያ ነገር እኮ...

ኒላስ፦ አንደኛ ሕግ አልኩሽ!

[ሞተሩን በጡጫ ይመታል፤ ያባብላል፤ ጣቱን ያቃጥላል፤ ጣቱን በረዶ ውስጥ ይነክራል። በመጨረሻ ክዳኑን ዘግቶ ቀና ይላል።]

ኒላስ፦ ጨረስኩ። ይሄ ሞተር ሞቷል። እኔ ያላስነሳሁትን ማንም አያስነሳውም።

ሪስተን፦ ጨረስክ?

ኒላስ፦ ጨረስኩ አልኩ እኮ!

ሪስተን፦ እንግዲያው መናገር እችላለሁ።

[ከኒላስ ቀበቶ፣ ከቢላው ጎን፣ እንደ ጭራ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ትፈታለች። አንዱን ጫፍ ካፖርቷ ላይ ታያይዛለች፤ ሌላውን ሞተሩ ላይ ትሰካለች። ቁልፉን ታዞራለች። ሞተሩ ያጓራል። ቻህፔ ይጮኻል።]

ኒላስ፦ [ቀበቶውን እየዳበሰ] ይሄን ሁሉ ጊዜ... ለምን አልነገርሽኝም?

ሪስተን፦ አንደኛ ሕግ።

ኒላስ፦ ማን አስተማረሽ?

ሪስተን፦ የዮውና ጀርባ። ሲወርድ ገመዷን ሁልጊዜ ከራሱ ላይ ይፈታታል።

[አንድ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ ተክላ ሽቅብ ትወጣለች። ወደ ተራራው ተጋድላ ትዞራለች። ተመልሳ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጋ ትቆማለች። ኒላስ ሊያርማት ጣቱን ያነሳል፤ የሚታረም ነገር ሲያጣ አፍንጫውን ያክበታል።]

ኒላስ፦ ጥሩ አስተምሬሻለሁ። ወደ ታች ግን እኔ ልንዳ፣ መንገዱ ክፉ ነው።

ሪስተን፦ አጋዘኖቼ እየጠበቁኝ ነው። ተሳፈር።

ኒላስ፦ ከኋላሽ ልቀመጥ?

ሪስተን፦ ተጎታቹ ላይ።

ኒላስ፦ ኧረ እቴ፣ ሰው ቢያየኝስ! እኔ እኮ...

ሪስተን፦ ሥራህ ሁለት ነው፣ ወንድሜ። [ነዳጅ እየሰጠች] ውሻውን ያዝ።