ለገና የተፈቀደልኝ ረቡዕ

በበዓል ቀን ዩኒቨርሲቲ መዘጋት የለበትም እያለ የሚከራከር ሰው ካያችሁ፣ እመኑኝ፣ ያ በዓል የእሱ አይደለም! የራሱ በዓል ሲሆን እንኳን ዩኒቨርሲቲው የትራፊክ መብራቱም ቢዘጋ ደስ ይለዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሁሉም ሃይማኖት ተከታይ ነበርኩ፤ ትምህርት የሚያዘጋ በዓል ሁሉ የእኔ ነበር። መምህር ስሆን ነው እንግዲህ ወደ ራሴ ሃይማኖት የተመለስኩት...

አሁን ሪያድ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። (አዎ፣ ሒሳብ! ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታሳፍረኛለች።) እዚህ ለኢድ ትምህርት ተዘጋ ከተባለ ተዘጋ ነው። እኔም ከሙስሊም ወንድሞቼ እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጬ፣ እተኛለሁ። ችግሩ የገና ዕለት ነው። ሌሎቹ ኮሌጆች በዚያ ሰሞን እረፍት ቢወጡም የእኛው የራሱ ካላንደር ስላለው ያስተምራል። ሦስት ገናዎች ያሳለፍኩት ሰሌዳ ፊት ቆሜ "ኤክስን ፈልጉ" እያልኩ ነው። ኤክስ በየዓመቱ ተገኘ፤ ገና ግን ጠፋ።

በአራተኛው ዓመት "ሆዴን ቆረጠኝ" ብዬ፣ ኮሌጁ እንዳይደውልብኝ ስልኬን ዘግቼ ቀረሁ። በባዶ ሆዴ ዶሮውን ስከምርበት፣ ከሰዓት ላይ እውነትም ሆዴን ቆረጠኝ! ከዚያ ወዲህ ውሸት ፈራሁ። ዘንድሮ ታዲያ እንደ ወንዶቹ ፊት ለፊት ሄጄ ላስፈቅድ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ቀኑን ማጣራት ነበረብኝ። ስልኬ ላይ ባለው የቀን መቀየሪያ "ታኅሣሥ 29" ብዬ ጻፍኩ። "ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ጃንዋሪ 7 ነበር የሚመስለኝ... ግን ስልክ ይዋሻል? "አየህ፣ ማጣራት ደጉ!" ብዬ ራሴን አደነቅኩና ወደ ክፍል ኃላፊያችን ወደ ዶክተር ናስር ቢሮ ገባሁ። ዶክተር ናስር ጨዋና ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

"የምን በዓል ነው ኡስታዝ?" አሉኝ ረቡዕን እንዲፈቅዱልኝ ስጠይቃቸው። (ኡስታዝ እዚህ መምህር ማለት ነው።)

"የልደት።"

"ልደትህ ነው? እንኳን ተወለድክ!"

"የእኔ አይደለም ዶክተር... ክሪስማስ ነው።"

"ፊሊፒናዊው ባልደረባችን ባለፈው ወር አክብሮ ተመለሰ እኮ!"

"የእኛ ትንሽ ዘግየት ይላል።"

"ስንት ቀን ነው የምታከብሩት?"

"አንድ ቀን።"

"አንድ ብቻ?" ከልባቸው አዘኑልኝ። "ይሁን፣ የሚተካህ ሰው ፈልግ። ቀኑን በጽሑፍ አስቀምጥልኝ። አንዴ ከፈረምኩ በኋላ ግን መቀየር የለም። ኸላስ?"

"ኸላስ!" አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ቀጥሎ ተማሪዎቼን ማሳወቅ ነበረብኝ። "ረቡዕ በዓል ስላለኝ አልገባም" ከማለቴ ክፍሉ በደስታ ተናወጠ። ለገና እንዲህ ያለ ፍቅር አገሬ ደብረ ብርሃንም አላየሁ!

"ኡስታዝ፣ ለምን አንድ ቀን? ሳምንቱን ሙሉ ይዘጋ!"

"ሌላ በዓል የላችሁም ኡስታዝ?"

"አለን እንጂ፤ በወር በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ..." ማለት ስጀምር፣ አንዱ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ይህ ልጅ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንስቶ እስክሪብቶ ሲይዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው! "ማሻአላህ፣ ምን ያለ ደግ ካላንደር ነው!" ይላል እየጻፈ። "ክፍሉ ግን አይዘጋም፤ ሰው ይተካኛል" ስላቸው ለበዓሌ የነበራቸው አክብሮት ወዲያው በረደ። ደብተሩም ተከደነ።

እንዲተካኝ ያሰብኩት ሰይድ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ባልደረባችን ነው፤ የደሴ ልጅ። ሪያድ ላይ እንደ ወንድም የማየው ሰው ቢኖር እሱ ነው።

"ሰይዶ፣ እሮብ ገና ስለሆነ ክፍሌን ያዝልኝ።"

"እሮብ? ማክሰኞ አይደል እንዴ?"

"ታኅሣሥ 29 እሮብ ነው የሚውለው፤ አጣርቻለሁ።"

"እሱስ ልክ ነህ። ግን ደሴ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አንዳንድ ዓመት በሃያ..."

"አንተ ሰውዬ! ደግሞ ስለ ገና አንተ ልታስተምረኝ?"

"እሺ ወንድሜ፣ ይቅርታ። ያላ፣ እይዝልሃለሁ። ዶሮዋ ላይ ግን እንዳትረሳኝ!"

ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ቢሆን የእኔን ዶሮ አይቀምስም፤ የእኔ ሥጋ የእኔ፣ የእሱም የእሱ ነው። ሪያድ ላይ ግን ዶሮው ሁሉ የሚመጣው በእነሱ ቢስሚላህ ተባርኮ ስለሆነ፣ ሰይድ እኔ ቤት ያለ ስጋት ይበላል። እኔስ? እናቴ "ዶሮውን ማን ባረከው?" ብላ ስትጠይቀኝ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

ማክሰኞ ደረሰ። እንደዚያን ዕለት በወኔ አስተምሬ አላውቅም። ነገ እረፍት ነኛ! ምሳዬን ሽሮ በላሁ፤ "ደህና ሁኚ፣ የጾሙ መጨረሻ!" ብዬ ተሰናበትኳት። ሰይድ ጠዋት "እንኳን አደረሰህ" የሚል መልእክት ልኮልኝ ነበር። "ነገ ነው አንተ! ለማንኛውም አመሰግናለሁ" ብዬ መለስኩለት። የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ደስታዬን የተካፈለኝ መስሎኝ...

እናቴም ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር። ማስተማር ላይ ስለነበርኩ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ነበር። መደወሏን ሳይ "ዋዜማውን ናፍቃኝ ነው፤ ነገ በበዓሉ ደውዬ አስደስታታለሁ" አልኩና ሙረባዕ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሄጄ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። አለቀስኩ። ያኔ በሽንኩርቱ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ታጠብኩ፤ ባለ ጥልፍ ሸሚዜን ለበስኩ፤ ድስቱን ከፈት አድርጌ አሸተትኩና ደወልኩ።

"እማዬ! እንኳን አደረሰሽ!"

"ለምኑ ልጄ?"

"ለገና ነዋ!"

"አሞሃል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ!"

"ገና ትናንት ነበር እኮ! ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አታነሳም!"

"ትናንት 28 አይደል እንዴ?"

"ታዲያስ! ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ አይደል? ጳጉሜ ስድስት ሆና አላለፈችም? ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ገና በሃያ ስምንት ነው የሚውለው! አንተ ልጅ... ምን ዓይነት ሒሳብ ነው የምታስተምረው?"

ክው አልኩ። ስልኬ አልዋሸም፤ ታኅሣሥ 29 መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ገና መቼ ነው ብዬ የጠየቅኩት ማንን ነበር? ማንንም! አንድ ሰው ሊነግረኝ ሲል ደግሞ አፉን አስያዝኩት።

"ትናንት ታዲያ ምን በላህ?"

"ሽሮ።"

"በገና ሽሮ!" ልቧ ተሰበረ። የእኔም ተሰበረ።

"ግድ የለም እማዬ፣ ዶሮው ደርሷል፤ አሁን እበላለሁ።"

"ዛሬ?! ዛሬ እኮ እሮብ ነው! ጾም ነው ልጄ! እንዳትነካት!"

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። በገና ቀን እየጾምኩ አስተማርኩ፤ በጾም ቀን ባለ ጥልፍ ሸሚዝ ለብሼ፣ ዶሮ ሠርቼ፣ በደብዳቤ እረፍት ወጣሁ! "ዶክተር፣ በዓሌ ትናንት አልፏልና ይቀየርልኝ" ብዬ በየት አፌ ልበል? የዶሮውስ ይሁን። እናቴ በገና ጠዋት የምትመርቀኝ ምርቃት አለ፤ አምስት ዓመት ያልሰማሁት። ዕረፍቱን የለመንኩትም ቁጭ ብዬ እሱን ልሰማ ነበር። እሷ ሦስት ጊዜ ስትደውል እኔ ድምፅ አጥፍቼ ኤክስ እፈልጋለሁ! ሆድ ባሰኝ።

ድምፄ ሲሰባበር ሰማችው መሰለኝ፣ "በል ጎንበስ በል" አለችኝ። ሙረባዕ ላይ፣ ከድስቱ ፊት፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩ። መረቀችኝ፤ አንድ ቀን አሳልፋ፣ ሳታጓድል። "ደግሞ መቁጠሩን ይግለጥልህ" የምትል አዲስ ምርቃትም ጨመረችበት።

ከሰዓት ሰይድ የእኔን ክፍል ጨርሶ መጣ። እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለና ዶሮዬን ይበላ ጀመር። እኔ ከትናንት የተረፈችኝን ሽሮ አሙቄ እበላለሁ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ነግሬህ ነበር እኮ! 'ስለ ገና አንተ ልታስተምረኝ' አልከኝ። ትናንትም እንኳን አደረሰህ አልኩህ፣ ነገ ነው አልከኝ። የበዓሉ ባለቤት እያለ እኔ ምን ላድርግ ወላሂ? ...ወጡ ግን ጨው አንሶታል።"

ልመልስለት ስል ስልኬ ጮኸ። የዶክተር ናስር መልእክት ነው። "ኡስታዝ፣ በዓልህ መልካም እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ። የሚቀጥለውን ሴሚስተር የዕረፍት ቀናት የሚወስን ኮሚቴ አቋቁመናል። ሁለት ካላንደር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልገን አንተን ሰብሳቢ አድርገንሃል። በዚህ ወር ሌላ በዓል ካለህ ቀኑን ከወዲሁ አሳውቀኝ።"

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስልኬን አስቀመጥኩና ወደ ሰይድ ዞርኩ።

"ሰይዶ፣ የኔ ወንድም... ጥምቀት መቼ ነው?"

ጣቱን እየላሰ ቀና አለ።

"መጀመሪያ እንቁላሏን አቀብለኝ።"